የማይክ ጉሮሮ

ባለቤቴን ሰው ሁሉ ማይክ ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እናቱ፣ እኔና መታወቂያ የሚያድሱለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔም ካልተናደድኩ በስተቀር አልጠራበትም። ሥራው ብረታ ብረት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ሲበይድ ይውላል። ብረት መቁረጫው ሲጮህ ከመቁረጫው በላይ ጮሆ ነው ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረው፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ድምፁን መቀነስ ደግሞ ይረሳል። ማታ ገበታ ላይ "ጨው አቀብይኝ" ሲለኝ ጎረቤታችን ጨው ይዛ ልትመጣ ምንም አይቀራት።

እኔ ጸጉር ቤት አለኝ። ኑሮዬ ከሰው ወሬ ጋር ስለሆነ ጫጫታ አያስደነግጠኝም። የማይክን የእሁድ ጫጫታ ግን ለመልመድ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ማይክ እሁድ እሁድ አስጨፋሪ ነው።

ስታዲየማችንን ሁለት ቡድኖች ይጋሩታል፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። ዙሪያውን የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ጣሪያ የሚባል ነገር የለውም። በፀሐይ ጊዜ መቀመጫው ያቃጥላል፣ በዝናብ ጊዜ ውኃው ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው እየወረደ ሰው ጫማ ውስጥ ይገባል። እኛ የላይ ሰፈር ነን። ማይክ ከፊት ያለው የብረት አጥር ላይ ይወጣና፣ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ዘፈኑን ያወርዳል። ሕዝቡ ይቀበለዋል። እንደዚህ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቆም በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ በዓይኑ ያየው ጎል በጣት የሚቆጠር ነው። "ጎሉን ከሰው ፊት ላይ ነው የማየው" ይላል። ስንት ለስንት እንደሆነ የሚነግሩት ከጨዋታው በኋላ ነው።

ማዶ ካለው ደረጃ ደግሞ የታች ሰፈሩ አስጨፋሪ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጡሩንባ ይሉታል። ሁለቱ ማንም ያላወጣው አንድ ሕግ ነበራቸው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንደኛው ሜዳውን አሻግሮ "አላችሁ ወይ?" ብሎ ይጣራል፤ ሌላኛው ከነሕዝቡ "አለን!" ብሎ ካልመለሰ ማንም ዘፈን አይጀምርም። አንድ እሁድ ማይክ ይጠራል፣ በሚቀጥለው ጡሩንባ። አንድ ጊዜ ጡሩንባ አውቶቡስ ተበላሽቶበት ሲዘገይ፣ ማይክ ጨዋታው ተጀምሮ እንኳን የኛን ደረጃ በሙሉ ዝም አሰኝቶ ጠበቀው። ሰው ተቆጣ፤ እኔ ራሴ "ምን ነካህ?" አልኩት። "ሳይመልስልኝ ከማን ጋር ልዘፍን ነው?" አለኝ።

ይሄን ስላችሁ ጓደኛሞች እንዳይመስሏችሁ። ገበያ መሐል ቢገናኙ አንዱ ዞር ብሎ የሱቅ መስኮት ያያል፣ ሌላው ስልኩን ያወጣል። ሰላምታ እንኳ የላቸውም። የታች ሰፈር ሰው ቧንቧው ቢፈነዳ ጡሩንባን ይጠራል፤ የኛ ቤት ቧንቧ የፈነዳ ጊዜ ግን ማይክ ራሱ ጠግኖ ወጥ ቤቱን ኩሬ አደረገልኝ።

ከዚያ ሰው መቅረት ጀመረ። ድንገት አልነበረም። መጀመሪያ የላይኛው ደረጃ ሳሳ፣ ቀጥሎ ጥጋጥጉ። ካፌዎቹ ትልልቅ ስክሪን ሰቅለው የውጭ ኳስ ማሳየት ጀመሩ፤ እዚያ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ሻዩ ትኩስ ነው፣ ጎሉ ካመለጠህም ደግመው ያሳዩሃል። ጸጉር ቤቴ የሚመጡት ሴቶች ባሎቻቸው ለምን እንደቀሩ ይነግሩኛል። አንዱ ፀሐዩ ራሱን እያመመው፣ አንዱ ዝናቡ፣ አንዱ ሽንት ቤቱ እየቀፈፈው። ሁሉም እውነት ነው። እኔም ማይክን አገባሁ እንጂ ሜዳውንማ አላገባሁ ብዬ ቤቴ የቀረሁበት እሁድ ብዙ ነው።

አንድ እሁድ ታዲያ የመጥራቱ ተራ የማይክ ሆነና አጥሩ ላይ ወጥቶ "አላችሁ ወይ?" አለ። ማዶ ተራርቀው የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ተያዩ። ጡሩንባ የለም። ማይክ ጠበቀ፤ ደገመው፤ አሁንም ጠበቀ። በኋላ ከአጥሩ ወርዶ ተቀመጠና ዘጠናውን ደቂቃ አፉን ሳይከፍት ጨረሰ። በሚቀጥለውም እሁድ ጡሩንባ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። የሆነ ሰው ካፌ ውስጥ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ አየሁት ብሎ ነገረው። አይ የኔ ባል! እኔ ጥዬህ ልሂድ ብለው እንኳን እንደዚያ የሚናደድ አይመስለኝም። "ፈሪ!" ይላል ብረት እየቆረጠ፣ "ሶፋ ወዳድ! ሸሸ!" ደንበኞቹ ማንን እንደሚሰድብ ግራ ገብቷቸው ሒሳባቸውን ከፍለው እብስ ይላሉ።

በዚህ መሐል የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሁለት ሐሳብ አቀረበ። ወይ አሮጌው ስታዲየም ክፍት እንደሆነ ይጠገናል፣ ወይ ፈርሶ በቦታው ጣሪያና ግድግዳ ያለው ዝግ ስታዲየም ይሠራል። ውሳኔው በነዋሪው ስብሰባ ይሆናል ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በላይና በታች መከፋፈሉ ቀርቶ በጣሪያ ተከፋፈለ። ወንድምና ወንድም ተኳረፉ። ማይክ ወዴት እንደቆመ መናገር አያስፈልገኝም። "ኳስ ሰማይ ይፈልጋል" ነበር የሚለው። "ጣሪያ ሥር የሚጫወቱት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጋራዥ ከፈለግሽ የኔ አለልሽ!"

እኔ ለጣሪያው ነበርኩ። ለኳሱ ብዬ አይደለም። የማይክ ድምፅ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መሻከር ጀምሮ ነበር፤ ጠዋት ሲነሳ የሚወጣው ድምፅ ዝገት የበላው ማጠፊያ ነው የሚመስለው። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሯ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው አስገብታ ጉሮሮውን አየችና፣ የድምፅ አውታሩ ላይ እባጭ እንዳለ በስክሪኑ አሳየችን።

"መጮህ ካላቆሙ ድምፅዎን ጨርሰው ያጡታል" አለችው።

"እሁድ ብቻስ?" አላት።

"በተለይ እሁድ" አለችው።

እንግዲህ ነገሩ ይሄው ነው። ማይክ ወይ ማስጨፈሩን ይተዋል፣ ወይ ድምፁን ያጣል፤ እሱ ደግሞ አንዱንም አልመረጠም። ሜዳው ክፍት፣ ሰው ተበታትኖ የተቀመጠ፣ መልስ የሚሰጥ የለም፤ ስለዚህ ከድሮው የበለጠ ይጮሃል። እኔ ያሰብኩት፣ ጣሪያ ቢኖር ድምፅ አይበተንም፣ ሰውም ይጠጋጋል፣ እሱም እንደ ሰው ተናግሮ ይሰማል ብዬ ነው። ይሄንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። "ጉሮሮዬን ተዪልኝ" አለኝ። ፈርቼ ነበር። ያ ድምፅ ቤቴ ውስጥ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ቀንስልኝ እያልኩ የጨቀጨቅሁትን ድምፅ!

ከስብሰባው በፊት ጽሕፈት ቤቱ ሰው ዝግ ሜዳ ምን እንደሚመስል አይቶ ይወስን ብሎ በከተማው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሣር አነጠፈና የላይና የታች ሰፈርን አጋጠመ። ማይክ አልሄድም ብሎ ሲምል ሰንብቶ ከኔ ቀድሞ ለበሰ። አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠመጠምኩለትና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጣራ፣ ከዚያ በኋላ እጁን በኪሱ ከትቶ እንዲቀመጥ ቃል አስገባሁት።

የመጣው ሰው ብዙ አልነበረም። መብራት የበራው ሜዳው ላይና በኛ በኩል ብቻ ነው፤ ማዶው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ማይክ ተነሳ። "አላችሁ ወይ?" አለ።

ከማዶ "አላችሁ ወይ?" የሚል ድምፅ መጣ።

የማይክን ፊት ባያችሁት! ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "መጥቷል!" አለ። "ጡሩንባ መጥቷል! ተራው የኔ ነው እያለ ነው፣ ይሄ ክርክረኛ!" ከዚያ ባለ በሌለ ጉልበቱ "አለን!" ብሎ መለሰ። ከማዶም "አለን!" ተባለ። በቃ፣ ቃሉን ረሳው። ስካርፉን ፈቶ ጣለው። ሲዘፍን ከማዶ ይዘፍኑለታል፤ ሲያጨበጭብ ያጨበጭቡለታል። መሐል ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ትንሽ ይዘገያል፤ አርጅቷል" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ በሐዘኔታ "ድምፁም ሻክሯል፣ ምስኪን። እሱም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት" አለ። እኔ ስካርፉን ይዤ ከኋላው ተቀመጥ ተቀመጥ ስል ነበርኩ፤ ማዶውን አጥርቼ አላየሁም።

ጨዋታው አለቀና የአዳራሹ መብራት ሁሉ በራ። ማዶ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ መጥረጊያዋን ይዛ ከታች ጥግ ስትገባ አየናት። ማይክ እጁ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሲዋጋ የዋለው ከገዛ ድምፁ ጋር ነው፤ ግድግዳው እየመለሰበት። ከኋላችን አንዳንዶች ሳቁ። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ቤት ገብተን እሱ ፊቱን ሲታጠብ፣ "እሱም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት" ያለው ትዝ አለኝና በሳቅ ፈረስኩ፤ ከዚያ መሐረብ ፈልጌ አለቀስኩ።

ዶክተሯ ተቆጣች። ለሳምንታት አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ፣ ማንሾካሾክም ጭምር እንዳይሞክር ከለከለችው። ቤታችን ጸጥ አለ። ጎረቤታችን ሁለተኛ ቀን ላይ በሩን ከፍታ "በሰላም ነው? ተጣላችሁ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጨው ሲፈልግ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ወርክሾፑ በር ላይ "ድምፅ የለም" ብሎ በኖራ ስለጻፈ፣ ግማሹ ደንበኛ ማሽኑ ተበላሽቶ መስሎት ይመለሳል። ስመኘው የኖርኩት ዝምታ በመጣ ጊዜ ጠላሁት።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ መጀመሪያ የታየኝ ይሄ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው እሁድ ሜዳ ቢመጣ ኖሮ ስብሰባውም ባላስፈለገ። ለዓመታት ስታዲየም ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ስታዲየም እየተነሳ ይፎክራል። አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ ተናገረ፣ አንዷ ልጆቼን ዝናብ ላይ አላስቀምጥም አለች፣ አንድ ሽማግሌ ሰማይ የሌለው ኳስ ኳስ አይደለም ብለው ከዘራቸውን አወዛወዙ። ሰብሳቢው "ማይክስ ምን ይላል?" ሲል አዳራሹ ወደ እኛ ዞረ።

ማይክ ቀደም ብሎ በምልክትም፣ በከንፈርም፣ እጄን ይዞ በመለመንም የእሱን ሐሳብ እንጂ የኔን እንዳልናገር አስምሎኛል። ተነሳሁ።

"እሱ መናገር ስለማይችል እኔ ነኝ የምናገርለት" አልኩ። "ክፍት ሆኖ ይጠገን ይላል። ኳስ ሰማይ ይፈልጋል ይላል። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው ያለው።" ሳቁ። "ጣሪያ ሥር ስትጣራ የሚመልስልህ ጣሪያው ነው ይላል። ይሄንን እንኳ ከደረሰበት ተነስቶ ነው።" ከዚያ የኔም ደም ፈላና ሳላስፈቅደው ጨመርኩበት፦ "ደግሞ እናንተ ሁላችሁ እሁድ የት ነበራችሁ?"

ከኋላ በኩል አንድ ሰው በልጁ ትከሻ ተደግፎ ተነሳ። ጡሩንባ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከመክሳቱ የተነሳ ግማሹ ሰውነቱ የለም።

"እኔ የነበርኩበትን ልንገርሽ፣ እህቴ" አለ። "ሳንባዬን ታምሜ ተኝቼ ነበር። ብርድና ዝናብ አይንካህ ተብያለሁ፤ ትንሽ የመታኝ ጊዜ ሆስፒታል እገባለሁ። ካፌ ሄጄ ስክሪን ፊት ተቀምጫለሁ፣ አልዋሽም። ግን ስክሪን ብትጣሪው አይመልስም።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ጣሪያ ካለ እመጣለሁ። ከሌለ አልመጣም፤ ጠልቼ አይደለም።"

ተቀመጠ። ማይክን አየሁት። ያንን ሰው ወቅቱን ሙሉ ፈሪ ሲለው የከረመ ሰው ነው።

ድምፅ መስጠት ተጀመረ። ሰብሳቢው "ክፍት ይሁን የምትሉ" ሲል እጄን አወጣሁ። ምን ላድርግ፣ አሁን ተነስቼ ስከራከርለት ቆይቼ እጄን ልሰብስብ? ጎኔን ሳይ የማይክ እጅ ጉልበቱ ላይ ነው። ጎሸም አደረግሁት፤ አልተነቃነቀም። "ዝግ ይሁን የምትሉ" ሲባል የማይክ ክንድ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲያስጨፍር እንደሚያወጣው ሙሉውን ተዘርግቶ። ሰው ሁሉ አየው። ከተሰበሰበው ሰው መሐል ስንቱ እሱን አይቶ እጁን እንዳነሳ አላውቅም፤ ጣሪያው ግን በሰፊው አሸነፈ። እኔ የጣሪያዋ ሴትዮ ለሰማይ ድምፅ ሰጥቼ ቀረሁ።

ደጅ ላይ ጡሩንባ ጠበቀን። ሁለቱ ትይዩ ቆሙ። የሚታይ የሱቅ መስኮት አልነበረም።

"ምነው ዝም አልከኝ?" አለው ጡሩንባ።

"መናገር ተከልክሎ ነው፣ ጉሮሮውን አሞት" አልኩት እኔ።

ጡሩንባ ሳል እስኪያጣድፈው ሳቀ። "ያን ሁሉ ዘመን ዝም በል ስልህ፣ ዛሬ ገና ነው የሰማኸኝ?"

ማይክም ያለ ድምፅ ሳቀ። የኤግዚቢሽኑን አዳራሽ ነገር ነገርኩት። ማይክ እንዳልነግር እጅጌዬን ሲጎትተኝ ነበር፤ እኔ ግን ነገር የጀመርኩ እንደሆነ አላቋርጥም። የበለጠ ይስቃል ብዬ ነበር፤ ጡሩንባ አልሳቀም። "እኔ መስዬህ ነው?" አለው። ማይክ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ጡሩንባ እጁን ያዘውና የኛ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ አልለቀቀውም።

አዲሱ ስታዲየም ገና መሠረቱም አልወጣም። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ነገ እያለ ስለሆነ ጨዋታው እስካሁን በአሮጌው ነው። የማይክ ድምፅ ተመልሷል፣ ግን ትንሽ ነው፤ አጠገቡ ላለ ሰው የሚበቃ። ማስጨፈር ለዘላለሙ ቀርቷል፤ ዶክተሯ በዚህ ቀልድ አታውቅም። እሱ ግን እሁድ እሁድ ይሄዳል። አሁን እንደ ሰው ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ስለሚቀመጥ ኳሱን ማየት ጀምሯል፤ ባየ ቁጥርም ይበሳጫል። "እነዚህን ነው እንዴ ዕድሜዬን ሙሉ ስዘፍንላቸው የኖርኩት?" ይለኛል።

ባለፈው እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። አይሄድም ብዬ ነበር፤ ሄደ። ጃንጥላ ረስቶ ስለወጣ እየተነጫነጭኩ ይዤለት ደረስኩ። ደረጃው ላይ ያለው ሰው የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ማይክ ኮፍያው ላይ ፌስታል ደርቦ ብቻውን ተቀምጧል፤ ማዶ ማንም የለም። ያን ጊዜ በእውነት አመረርኩ።

"መጮህ አትችል፣ መዝፈን አትችል፣ ቡድኑ ደግሞ አይረባም ትላለህ" አልኩት። "ታዲያ እዚህ ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?"

በዝናቡ ድምፅ መሐል እንዲሰማኝ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

"አንድ ሰው እንዳይጎድል ብዬ ነው" አለኝ።

ደረጃውን በእጅጌዬ ጠረግ አደረግሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።